«አናውቀውም» የተባሉት መምህር፦ የአቶ ምንዋጋው ገብረ ጻድቅ የሕይወት ታሪክ

አቶ ምንዋጋው ገብረ ጻድቅ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ጻድቅ አስማረ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ተስፋው፣ ከሰቆጣ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቀው በአቡነ አረጋዊ አጥቢያ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1932 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን ቀን፣ ይህን ቦታና እነዚህን ወላጆች ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈለገው ለወጉ ብቻ አይደለም። እዚህ ቆመው ከሚያለቅሱት መካከል አብዛኞቹ አንድ ጊዜ በመሐላ ክደውታልና፣ ዛሬ ደኅና አድርገው ይስሙት።

አባታቸው ግንበኛ ነበሩ። ድንጋይ ገና ከሩቅ ሲያዩት በየት በኩል እንደሚፈለጥ፣ የትኛው ውሃ እንደሚመጥና የትኛው እንደማያስገባ ያውቁ ነበር። ልጃቸውም ይህን ከእሳቸው ወርሰዋል። በቤት የዋግ አገው ቋንቋ የሆነውን ኽምጥኛ እየተናገሩ አድገው፣ አማርኛን ከዳዊት ጋር በቤተ ክርስቲያን ተማሩ። በ1942 ዓ.ም. ሰቆጣ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1950 ዓ.ም. እስከ ኮረም በእግራቸው ተጉዘው፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ ወርደው ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። ቀጥለውም ጂኦሎጂ የሚባለውን የመሬት ሳይንስ ትምህርት አጥንተው በ1958 ዓ.ም. በማዕረግ ተመረቁ፤ ወደ ውጭ አገርም ተልከው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በ1962 ዓ.ም. ይዘው ተመለሱ።

ለዚሁ ዲግሪያቸው ከሰሃላ እስከ ጽጽቃ ገደል ለገደል ዞረው፣ ውሃ ያዘሉ ድንጋዮች የት የት እንዳሉ የሚያሳይ ካርታ ሠርተዋል። ያኔ መዶሻ ይዘው ድንጋይ ሲፈልጡና በምላሳቸው ሲልሱ ያየ ሁሉ «የገብረ ጻድቅ ልጅ ትምህርቱ አናቱ ላይ ወጣበት» እያለ ይስቅ ነበር። የሳቁት ሁሉ ዛሬ በዚያ ካርታ የተገኘ ውሃ ይጠጣሉ።

በ1963 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ዩኒቨርሲቲ የመሬት ሳይንስ መምህር ፈለገ። ስሙን በመቃብር አፋፍ ላይ መጥራት አያስፈልግም። ሰባት ሰዎች አመለከቱ። ከመራጮቹ አንዱ የአቶ ምንዋጋውን አማርኛ የአገው ቃና ሰምተው ሳቁ፤ ካርታው ተዘርግቶ ማስረዳት ሲጀምሩ ግን ሳቁ ቆመ። ከሰባቱ አንደኛ ወጡ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም የሚያስተምሩበትን ክፍል አሳዩዋቸው። ለታናሽ ወንድማቸው ለዋሴ በጻፉት ደብዳቤ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ጎን የድንጋይ ናሙና መደርደሪያ እንዳለና የላይኛውን ደረጃ ለዋግ ድንጋይ እንዳሰቡት ይነግሩታል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የተመኙት ማስተማርን ነበር፤ ሌላ ነገር ሲመኙ የሰማ የለም። የቀረው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ከትውልድ ቀያቸው የሚመጣ የማንነትና የጠባይ ማረጋገጫ። ለዋሴ የጻፉት ያ ደብዳቤ በነጋዴ እጅ ተልኮ የደረሰው በጥር ነው። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር።

የዩኒቨርሲቲው መጠይቅ ሰቆጣ የደረሰው በኅዳር፣ ገብሱ ከአውድማ ሳይነሣ ነበር። ጉዳዩ የተመራላቸው የፖሊስ ሹም ከሌላ አገር ተሹመው የመጡ ናቸው። አንድ ሰው ልከው የአቶ ምንዋጋውን እናት ቢያስጠይቁ በአንድ ቀን የሚያልቀውን ነገር፣ «አውጫጭኝ ይዋልበት» አሉ። አውጫጭኝ ወንጀል ሲፈጸም አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ በዳዩ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ ሳይመለስ የሚዋልበት ሥርዓት ነው። ለሌባ የወጣ ሥርዓት በመምህር ላይ ዋለ! ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ተከበበና «ምንዋጋው ገብረ ጻድቅ የሚባል ታውቃላችሁ?» ተብሎ ተጠየቀ። ለምን እንደ ተፈለጉ ሹሙ አልተናገሩም። ገበሬን ማስረዳት ምን ያደርጋል!

በዚያ ሰሞን ተማሪ እየታሰረ ነው የሚል ወሬ ሰቆጣ ገበያ ደርሶ ነበር። ሽማግሌዎቹ በኽምጥኛ ተንሾካሾኩ። «ልጁን ሊያስሩት ነው፤ ማንም አፉን እንዳይከፍት» ተባባሉ። እህሉ በአውድማ ላይ ተትቶ ሦስት ቀን ተዋለ። በሦስተኛው ቀን መጀመሪያ ተነሥቶ የማለው ወንድማቸው ዋሴ ነው። «እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም፤ ባውቅ አቡነ አረጋዊ ይፍረዱብኝ» አለ። ወይዘሮ ወለተ ሐና ከሴቶቹ መካከል ሆነው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሰሙት። ከእሱ በኋላ ሰማንያ ሰባት አባወራ አንድ በአንድ እየተነሣ ማለ። ወንድም ከካደ ሌላው ምን ይበል?

«በአጥቢያው የሚያውቀው ሰው አልተገኘም» ተብሎ ተጻፈ፤ ማኅተምም ተመታበት። ዩኒቨርሲቲውም «ማንነቱ ያልተረጋገጠ» ብሎ ቦታውን ሁለተኛ ለወጣው ሰጠ። ደም የሚያፈላው ይህ ነው። ገበሬው ፈርቶ ካደ፤ ፍርሃቱንም ያስተማሩት እነማን እንደሆኑ ይታወቃል። እነዚያ ግን የተማሩ ናቸው። የምድርን ዕድሜ በሚሊዮን የሚቆጥሩ ሰዎች፣ ፊታቸው የቆመን ሰው እናት እንደ ወለደችው ለማመን ማኅተም አስፈለጋቸው። ካርታውን አምነው ባለ ካርታውን አላመኑም! ባለፈው ዓመት ቢሆን ይህ ነገር በአደባባይ አይነበብም ነበር፤ ዘንድሮ ግን በአገሩ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቷል፤ ዋግም ትክፈት።

አቶ ምንዋጋው በየካቲት ወር መጡ። ማንንም አልተቆጡም። እውነቱ ሲነገረው ሕዝቡ ደረቱን መታ፤ አርባ ሰው በዚያው ዕለት ሰቆጣ ሄዶ «እናውቀዋለን፣ እኛው ነን ያሳደግነው» እያለ ጮኸ። ሹሙ «የዋሻችሁት ያኔ ነው ዛሬ?» ብለው ሁሉንም ከግቢ አስወጡና አቶ ምንዋጋውን ብቻቸውን አስገቡ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን የሚያውቁት ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ደሞዝ ናቸው። ሹሙ ወረቀቱ እንዲታረም አንድ መንገድ ሰጡ፤ መጀመሪያ የማለው ሰው በሐሰት መሐላ ተከሶ ይታሰር፣ እሱ ሲፈረድበት የተጻፈው ይሰረዛል አሉ። አቶ ደሞዝም የክሱን ማመልከቻ ጽፈው አቀረቡ፤ ፊርማ ብቻ ቀረው። አቶ ምንዋጋው አነበቡት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ ወጥተውም ለሕዝቡ «ጊዜው አልፏል ተብሏል፤ በሉ ወደየቤታችሁ ግቡ» አሉ። ያን ጊዜ የዋሴ ሚስት አራስ ነበረች።

ዋሴ ይህን የሰማው ትናንት ነው፤ መቃብሩ ሲቆፈር፣ ከአቶ ደሞዝ አፍ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ገበታ ሲበሉ አንድ ቀን አልነገሩትም። ለምን? ቢነግሩት በገዛ እግሩ ሄዶ እጁን ይሰጥ ነበር። የታጠፈው ወረቀት የእሱም ዕዳ ነበር፤ ሳይጠይቁት ብቻቸውን ተሸከሙት። በዚህስ አቶ ምንዋጋው ራሳቸው ይወቀሳሉ። ሙት አይወቀስም የሚል ካለ ይበል።

ከዚያ በኋላ በሰቆጣ የሳይንስ መምህር ሆኑ። በ1964 ዓ.ም. ከወይዘሮ አበዛሽ ፈንታሁን ጋር ተጋብተው ልጃቸውን ይታየሽን ወለዱ። የውሃውን ካርታ በሦስት ቅጂ ለመሥሪያ ቤቶች አስገቡ፤ ሦስቱም መሳቢያ ውስጥ ተኙ። በ1965 ዓ.ም. ሰማዩ ሲደርቅና ሰው ከነከብቱ ሲያልቅ መልስ መጠበቁን ትተው ወደ አጥቢያቸው ወጡ። ያ የማለው ሰማንያ ሰባት አባወራ ዶማና አካፋ ይዞ ተከተላቸው። ሦስት ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ሁለቱ ውሃ ሰጡ። አንዱ ደረቅ ሆነ፤ እሳቸውም በካርታው ላይ በቀይ ቀለም «እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ» ብለው ጻፉበት። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ግን እስከ ዛሬ ተሳስቻለሁ የሚል ደብዳቤ አልመጣም።

ዘንድሮ በመጋቢት ከቆላ በረኀብ የተሰደዱ ሰዎች ጉድጓዱ ዳር ሰፈሩ። አቶ ምንዋጋው በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰቆጣ ትምህርት ቤት ወደ አጥቢያው ሲመለሱ ለደከሙት ውሃ እየቀዱ ያጠጡ ነበር፤ ከእነሱም ተስቦ ያዛቸው። ዐሥራ አንድ ቀን ታመው፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻው ቀን በትኩሳት ውስጥ ሆነው በኽምጥኛ ያስተምሩ ነበር፤ ስለ ድንጋይ። የሰሙት እናታቸውና ወንድማቸው ናቸው።

ወይዘሮ ወለተ ሐናን፣ ወይዘሮ አበዛሽን፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላትን ይታየሽን እና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ከዓለት ውሃ አፍልቆ የተጠማ ሕዝብ ያጠጣ አምላክ፣ ነፍሳቸውን ማንም መታወቂያ በማይጠይቅበት በቅዱሳን ማኅበር ይቀበልልን። ለእናታቸው ዕንባ አባሽ ይስጥልን።

ይህን የሕይወት ታሪክ ዳዊት ከመድገም በቀር ትምህርት የሌለው ወንድማቸው ዋሴ ገብረ ጻድቅ ጽፎታል። በኅዳር 1963 ዓ.ም. በአቡነ አረጋዊ ስም በሐሰት መማሉን በዚሁ ወረቀት አምኖ ፈርሟል። ከቀብር መልስ አንዱን ቅጂ ለፖሊስ ሹሙ በእጁ ይሰጣል፤ ሌላው ለዩኒቨርሲቲው ይላካል። የሟቹ ማንነት አሁንም ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ዋሴ ያውቃቸዋል።