የጥንዚዛዋ ስንቅ

ይድረስ ለእታለም ንጋት፤ መተማ

እንደምን ከርመሻል? ሆድሽስ እንደምን ነው? አሁንም በበሩ ትገቢያለሽ ወይስ ባልሽ ቢተው በሩን አሰፋልሽ? የመተማ ሙቀትስ አላቀለጠሽም? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን፤ ገብሱ አሽቷል፤ እኔም ገና አልጨመትኩም።

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ ስወልድ አትምጪ» ብለሽ ከላክሽ ወዲህ እምዬ አኩርፋ ነበር። «ቢተው ያርሳታል» ብዬ ባሾፍባት ማማሰያ ይዛ አባረረችኝ።

ምሥራቅ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጎን ክፍላችንን ተከራይታ ጥንዚዛ ታረባለች። አትሳቂ! ኤሊ የመሰለች፣ ፍየል እንኳ የምትሸሸውን የኮሸሽላ ቅጠል የምትበላ ጥንዚዛ ናት። ምሥራቅ እንቁላሎቹን በሁለት ብልቃጥ ለይታ ገበያ ስትወርድ፣ እምዬ በአንደኛው ብልቃጥ ባሉት እንቁላሎች ጫፍ ላይ ቆሻሻ አየች። የዶሮ እንቁላል ለገበያ እንደምትወለውለው ሁሉ፣ የነጠላዋን ጫፍ አርጥባ አንድ ባንድ ጠረገቻቸው። ሲፈለፈሉ የሌላው ብልቃጥ ትሎች ቅጠሉን ወንፊት አደረጉት፤ የእምዬ ንጹሖች ግን ቅጠሉ ላይ ተቀምጠው በረሃብ አለቁ።

ምሥራቅ ስትነግረን፣ ለካ ቆሻሻው የእናትየው ስንቅ ኖሯል! በየእንቁላሉ ጫፍ ባክቴሪያ የሞላባት ጠብታ ታኖራለች፤ ትሉ ገና ሲወጣ እሷን ይበላል። ባክቴሪያዎቹ ሆዱ ገብተው ቅጠሉን ይፈጩለታል፤ እሱም ቤት ሰጥቶ ያኖራቸዋል። እኔ ስምንተኛን እስክወድቅ ድረስ የተማርኩት ባክቴሪያ በሽታ መሆኑን ብቻ ነበር። እታለም ሙች፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ጣሪያ ወዲህ እንዲህ አፌን የከፈትኩበት ነገር የለም። ጥፍር የማታህል ፍጥረት!

እምዬ ስታለቅስ ምሥራቅ «እማማ አይዘኑ፤ እኔ ልሠራው የፈራሁትን ሙከራ ሠሩልኝ» አለቻት። እምዬም «እኛስ ለአራስ ልጅ ቅቤ እናስውጥ የለ?» ብትል፣ ምሥራቅ ቅቤውን ሐኪም እንደሚከለክልና የሰው ልጅ ስንቅ የእናቱ እንገር መሆኑን አስረዳቻት። እምዬ አሰብ አደረገችና «ታዲያ ጡቷ እንዲያግት ገንፎውን ማን ያገነፋላታል? ቢተው?» አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት! ቅቤውን ለገንፎው፣ በሶውን ለመንገዱ ቋጠረች። እኔም ነገ እስከ ፍላቂት ከተማ ሸኝቼ መኪና ላይ ላሳፍራት ነው።

ቢተውን ሰላም በይልኝ፤ ማማሰያ ሲያይ ይሽሽ። አማትሽን እትዬ ወለላን ጉልበታቸውን ስሚልኝ። ሆድሽ ውስጥ ያለውንም አጎትህ አሸተን ማርያም ድረስ ሊያዝልህ ነው በይው። ደብዳቤውን የሰጠችሽ እምዬ ራሷ ናትና አሁን ማንበቡን ተይና እግሯን እጠቢላት።

ወንድምሽ ምሥጋናው
ላስታ፣ ከአሸተን ማርያም ሥር
ጥቅምት 1999 ዓ.ም.