የጨለማውን ክፍል በር የገነጠሉት የጋሼ መዶሻ የሕይወት ታሪክ

ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ መዶሻ» እያለ የሚጠራቸው በያጅ፣ ከአንጥረኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል፤ ያቋረጡትም ታናሽ ወንድማቸውን የገረፈ መምህር ላይ ወንበር ስለሰበሩ ነው። ቁጣቸው አፍንጫቸው ላይ ነበር። ይህን ዛሬ ብንደብቅ ራሳቸው ተነሥተው ያንቁናል።

በ1969 ዓ.ም. የራሳቸውን ብየዳ ቤት ከፈቱ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ለታናሽ ወንድማቸው ሙያውን ያስተማሩት በኩርኩም ነው፤ ጠዋት ጆሮውን ጠምዝዘው ከሰዓት ጫማ ይገዙለት ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ግራ ዓይናቸው ድንገት ደም መሰለ። በያጅ ዓይኑን ሲያመው «ብየዳው መታኝ» ብሎ፣ መጋረጃ ዘግቶ ጨለማ ውስጥ ይተኛል። እሳቸውም እንዲሁ አደረጉ። በሽታው ግን ሌላ ነበር፤ የዓይናቸው ውስጥ ፈሳሽ መውጫው ተዘግቶ ግፊቱ አይሎ ሳለ፣ ጨለማው ብሌኑን አስፍቶ ጭራሽ አባባሰው። እያስመለሳቸው ግድግዳውን በግንባራቸው ደበደቡ፤ ቁም ሳጥኑን ገለበጡ። ዓይናቸውን በጉጠት ሊያወጡ ሲሉ ባለቤታቸው ክንዳቸውን ነክሰው አስጣሏቸው።

ሐኪም ቤት ሲወሰዱ አንዲት የዓይን ሐኪም በጠብታ፣ በኪኒንና በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ግፊቱን አወረደችው። «ጋሼ፣ ይሄ ለጊዜው ነው። በሌዘር ጨረር ለፈሳሹ ቀዳዳ ካልከፈትንለት ይመለሳል» ብትላቸው፣ «እሳት ከእጄ አልፎ ዓይኔ ውስጥ አይገባም!» ብለው ወንበሩን በእርግጫ ጥለው ወጡ። ሕመሙ ለቋቸዋላ! ወር ሳይሞላ ተመለሰ፤ ግራ ዓይናቸው ጠፋ። ያኔ ቀኙም እንዳይከተል ለሌዘር ሰጡት። በደቂቃዎች ሲያልቅ፣ «ለዚህች ነው ዓይኔን የቀበርኩት?» ብለው ጠረጴዛውን በቡጢ ነረቱት።

በ2003 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ዓይኑን አሞት መጋረጃ ዘግቶ መተኛቱን ሰሙ። በሩን በመዶሻ ገነጠሉት። ወንድምየው በሕመም አብዶ በቡጢ ሲላቸው ሁለት ጥርሳቸው ረገፈ፤ እሳቸው ግን ደም እየተፉ በአንገቱ ጎትተው መኪና ውስጥ ወረወሩት። ሐኪም ቤት መድኃኒቱ ሕመሙን ሲያበርድለት እሱም «ድኛለሁ፣ ሌዘር አልፈልግም» አለ። ጋሼ የጠፋ ዓይናቸውን በጣታቸው ፈልቅቀው ፊቱ ላይ ደቀኑበት። «እየው! እኔም ድኜ ነበር!» በሁለቱም ዓይኖቹ ቀዳዳው በሌዘር እስኪከፈትለት ድረስ፣ ፌሮ ብረት ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

ዕድሜ ልክ የዋጡት የብየዳ ጢስ ሳንባቸውን ጎድቶት ሲታከሙ ቆይተው፣ የኦክስጅኑን ጭንብል ከአንዴም ሁለቴ ወርውረው፣ መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው ቀርተዋል።

ይህን ጽፎ አሁን በፊታችሁ ቆሞ የሚያነበው ያው ታናሽ ወንድማቸው ነው። በሁለቱም ዓይኖቹ ያያል፤ ዛሬም በሁለቱም ያለቅሳል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ብርሃን ባለበት ያኑርልን። ደጁንም ፈጥኖ ይክፈትላቸው፤ መገንጠሉን ያውቁበታልና።