«ያቅለሸልሻታል» ብለህ የፈረምህበት

ውድ ዘበነ ካሤ፣

በቅኔ ቤት ያስተማርሁህ ካልጠፋህ «ውድ» ያልሁህን ሁለት ጊዜ አንብበው። ሰሙ የተወደደ ማለት ነው፤ ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ይጀምራልና ማንም አይታዘበኝም። ወርቁ ዋጋው የከበደ ማለት ነው። አንተን ማመን እኅቴን ለተጊዮርጊስን አስከፍሎኛል፤ በዕድሜዬ ከጻፍሁላቸው ሰዎች መካከል አንተን ያህል ውድ የለም። ስለ ጤንነትህ አልጠየቅሁም። ለማላስበው ነገር ቀለም አላባክንም።

ነገ ጠዋት ሥራችሁን የሚመዝኑት ሰዎች ሰብሳቢ ወይዘሮ የትናየት አንድ ወረቀት ይዛ አንተ ወደምታስተዳድረው የሕሙማን ማሳረፊያ ትመጣለች። በወረቀቱ ላይ የእኔ ቃል አለ። ከእርሷ አፍ ከመስማትህ በፊት ከእኔ እጅ እንድታነበው ፈለግሁ። ብድር ሲመለስ የመለሰው ሰው ማን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ እኅቴን ከጋዝጊብላ በቃሬዛ አምጥተን ደጅህ ላይ ስናወርዳት የጡቷ ነቀርሳ ሐኪሙን ተስፋ አስቆርጦ ነበር። ማሳረፊያችሁ የተሠራው ለእንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ለሚድን ሳይሆን ስቃዩ ተቃሎለት፣ ሰውነቱ ተከብሮለት ለሚሞት። ሮጠህ ወጥተህ ጉልበቴን ሳምህ። አንሶላው ነጭ ነበር፤ ወለሉም ተወልውሎ ፊት ያሳይ ነበር። ለተጊዮርጊስ ትራሷ ላይ ሆና አየችህና ከነሕመሟ ሳቀች።

«ይኼ የካሤ ልጅ አይደለም እንዴ? አባቱን ቁርጥ!»

«አይ እማማ፣ ተሳስተዋል» አልሃት። «እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ።»

ሰማሁ፤ ዝምም አልሁ። አባትህን ካሤን አውቃለሁ፤ የተወለድህበትን ጎጥ አውቃለሁ። የሰው እፍረት ነው፣ ማንን ይጎዳል ብዬ አለፍሁት። ያ ዝምታዬ ከዕዳዬ አንዱ ነው።

የፍልሰታ ሱባኤ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ከእርሷ ተለይቼ ወደ ገዳም ለመሄድ እግሬ እንቢ ቢለኝ «የኔታ፣ ሱባኤዎን አያስታጉሉ፤ እኔ አለሁ አይደል?» ያልኸኝ አንተ ነህ። እኔም ወደ ጆሮህ ጠጋ ብዬ፣ አማርኛዋ ከትኩሳቱ ጋር እየሸሸ መሆኑን፣ አንዳንድ ቀን ከአገራችን አገውኛ ከኽምጣና በቀር ቃል እንደማይወጣት ነገርሁህ። አማርኛን ያወቀችው ባል ካገባች በኋላ ነበርና ኋላ የመጣው ቀድሞ ይሄድ ጀመር። ነርሷ ምሕረት አጠገባችን ቆማ ነበር። «አያስቡ» አልኸኝ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ በጠራ አማርኛ። «እዚህ ቤት የሚረሳ ሰው የለም።»

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ሞተች። የጥራሬ ወንዝ ሞልቶ መልእክተኛው አልተሻገረም፤ ፍትሐቷን ሌላ ካህን አደረሰላት። እኔ አሥራ ሰባት ቀን ደርሼ ያገኘሁት እርጥብ አፈር ነው። ነጠላዋንና መቁጠሪያዋን ልወስድ ወደ ማሳረፊያው ስመጣ አንተ አልነበርህም፤ ምሕረት ዕቃዋን አጥፋ ሰጠችኝ።

«አባ፣ እግዜር ያጥናዎ። መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ያቅለሸልሻቸው ነበር» አለችኝ።

«ምን በልታ?»

«ምንም አልበሉም። ግን ‹አቅ፣ አቅ› ይላሉ። ሳፋ ሳቀርብላቸው በእጃቸው ገፉት። መልሰው ‹አቅ› ይሉኛል። የሚጠጣ ብሰጣቸው ያስመልሳቸዋል ብዬ ፈራሁና አቶ ዘበነን ጠራኋቸው።»

«መጣ?»

«መጡ እንጂ፤ ራስጌያቸው ቆመው ሰሙ። ቤቱን ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች አብረዋቸው ነበሩ። አንደኛው ‹ምን እያሉ ነው?› ብሎ ሲጠይቃቸው ‹ያቅለሸልሻታል› አሉት። መጠጥ ለጊዜው ይቁም ተብሎ ተጻፈ፤ ፈረሙበት።»

መዝገቡን አምጪልኝ አልኋት፤ አመጣችው። ፊርማህን አየሁ። ፊደል ስትጥል ያረምሁት እጅ ነው፣ አልተሳሳትሁም።

ምሕረት የደሴ ልጅ ናት። ያቅለሸለሸው ሰው አቅ እንደሚል ታውቃለች፤ «አቍ» በኽምጣና ውኃ መሆኑን ከየት ታውቀዋለች? ስነግራት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ውኃ ነበር? አባ፣ ውኃ ነበር እንዴ?» እያለች ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። እኔ አጽናኋት፤ እኔን የሚያጽናና ግን አልነበረም። ያ ሳምንት እኮ ነሐሴ ነው! ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ በርሜሉን ሞልቶ በግቢው ይፈስ ነበር። እኅቴ ድምፁን ትሰማዋለች። ጌታችን በመስቀል ላይ ተጠማሁ ሲል በዙሪያው የቆሙት ጠላቶቹ ነበሩ፤ ለተጊዮርጊስ ስትጠማ ግን ራስጌዋ የቆመው የአገሯ ልጅ ነው።

በማግሥቱ ቢሮህ ገባሁ። ወንበር ሳብህልኝ፤ አልተቀመጥሁም።

«ምን ትል ነበር?» አልሁህ።

«ማን፣ የኔታ?»

«እኅቴ።»

«እኔ ኽምጣና አልሰማም እኮ። ያውቃሉ፣ ያደግሁት ጎንደር ነው።»

ያን ጊዜ የአባትህን አህያ አነሣሁብህ። በአስከተማ ገበያ፣ ገብስ ተጭና ከጠላ ቤቱ ደጅ ስትደርስ ተኝታ አልነሣም የምትለውን፣ አባትህ ቢለምናት ቢለምናት የመለሰችለትን መልስ፣ ጋዝጊብላ ሁሉ የሚስቅበትን ነገር ፊቴን ሳልፈታ በኽምጣና ተረክሁልህ። መልሷ ጋ ስደርስ ከንፈርህ አመለጠህ።

«ሳቅህ» አልሁህ።

«አልሳቅሁም።»

«እንግዲያውስ ከንፈርህ ኽምጣና ይሰማል፤ የማይሰማው ጆሮህ ነው።»

ተነሥተህ በሩን ዘጋህ። ከዚያ በኋላ የተናገርኸውን አንድም ቃል አልጣልሁም። «እንግዶቹ ነበሩ፣ የኔታ። አሥራ አምስት ዓመት የጎንደር ልጅ ሆኜ ኖሬ እንዴት በአንድ ቃል እገለጣለሁ? ሲሄዱ አጠጣታለሁ አልሁ በልቤ። ከዚያ ምሳ ወሰድኋቸው። ከዚያ ወደ ወረዳው ሸኘኋቸው። ከዚያ…»

«ከዚያ?»

«ረሳሁ።»

ዘበነ፣ ጠላኋት ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ጠላትነት ሰውን ሰው አድርጎ ይቆጥራል። አንተ ግን ረሳሃት፤ ፊርማህ አልጋዋ ላይ ሲጠብቃት፣ ታዛዧ ነርስም ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠብቀው። ይህ አልበቃህ ብሎ ቀና ብለህ አየኸኝና «ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኸኝ።

ነኝ። ይህን ለመካድ አልጻፍሁልህም። በጉባኤዬ ኽምጣና ያመለጠው ተማሪ ትምህርቱ እስኪፈጸም ከክቡ ወጥቶ እንዲቆም የደነገግሁ እኔ ነኝ። «አፍህን ተጉመጥምጠህ ና» ብዬ ያሳቅሁብህ እኔ ነኝ። ከሁሉ ይልቅ ፀሐይ ላይ የቆምኸው አንተ ነበርህ። እኔም ራሴ በወጣትነቴ በሩቅ አገር መምህራን ፊት በአነጋገሬ ተስቆብኛል፤ ያንን ሳቅ ይዤ መጥቼ በእናንተ ላይ ዘራሁት። ያች እኅቴ ስንቅ ይዛልኝ ከደጅ ስትጣራ እንኳ፣ ተማሪ እንዳይሰማኝ ብዬ በአማርኛ እመልስላት ነበር።

ይህን ሁሉ አወቅሁ። ቂሜን ግን አላቀለለውም። እኔ ከጉባኤ አስወጣሁህ እንጂ ከምንጭ አልከለከልሁህም። እኔ የዘራሁት እፍረት ነው፤ ከእርሱ ሞት ያበቀለው የአንተ መሬት ነው። የእኔን ፍርድ ለማይሳሳተው ዳኛ ትቼዋለሁ። የአንተን ግን ራሴ ይዤዋለሁ።

እንግዲህ ስለ ምዘናው ልንገርህ። መዛኞቹ መምጣታቸውን ስትሰማ ቤቴ ድረስ መጥተህ «እርስዎ በቃልዎ እኔን ሳይሆን ቤቱን ነው የሚገድሉት፤ አሥራ አራት ሕሙማን አሉ፣ ወዴት ይሂዱ?» ያልኸው እውነት ነው። ከሕሙማን ጀርባ መከለልህን ብንቅም እውነቱን አልናቅሁም። በእኔ ቃል ቤቱ ቢዘጋ አሥራ አራት ሰዎች በየጭቃ ቤታቸው ያለ ማስታገሻ ይጮሃሉ። ይህን ሳስብ ብዙ ቀን ጾምሁ።

የትናየት የሕሙማን ቤተ ሰብ የሚሞላውን ቅጽ ዘርግታ «አባቴ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ደካማ ይላል፤ አንዱ ላይ ምልክት ያድርጉ» አለችኝ። ንጽሕና፦ በጣም ጥሩ። መኝታ፦ በጣም ጥሩ። የስቃይ ማስታገሻ መድኃኒት በሰዓቱ ስለ መስጠት፦ በጣም ጥሩ። በሐሰት አልመሰከርሁብህም።

«ምሕረትን የሚመለከት ጥያቄ የለውም?» አልኋት።

«በስም አንጠይቅም፣ አባቴ።»

«እንግዲያውስ ጎኑ ላይ ልጻፍላት።»

«ኧረ ጎኑ ባዶ መሆን አለበት!»

«ልጄ፣ እኛ ዘንድ ትርጓሜ የሚጻፈው ጎኑ ላይ ነው።»

ሳቀችና ተወችኝ። የነርሷን ትጋት፣ ስሕተቷም ካለማወቅ መሆኑን ጻፍሁ። የማታውቀውን እያወቀ ዝም ያለውንም ጻፍሁ፤ ቀኑን፣ ቃሉን፣ ፊርማውን። ከዚያ መጨረሻው ጥያቄ መጣ፤ «ኃላፊው በቦታው ሊቀጥል ይገባልን?»

አራት ወር የጠበቅሁት ጥያቄ ነው። የጥንት ሰዎች በጠላት ላይ የሚያወርዱት እርግማን አለ፤ ዘመኑ ይጠር፣ ሹመቱንም ሌላ ይውሰድበት የሚል። በአፌ ላይ ነበረ። «አይገባም» ልል ብዕሬን ካስጠጋሁ በኋላ ግን ታየኝ። ብትሻር ጓዝህን ጭነህ ጎንደር ትገባለህ። በዚያ «አቍ» የሚልህ ሰው የለም፤ በወር ውስጥ እንደ ምሳው ቀን ትረሳታለህ። ያ ቅጣት አይደለም፣ አርነት ነው። እኔ አርነት ልሰጥህ አልመጣሁም።

«ይገባል» ብዬ ጻፍሁ። ጎኑ ላይም እንዲህ አልሁ፤ ኃላፊው የጋዝጊብላው የካሤ ልጅ ነው፤ ኽምጣና ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ቋንቋ ነው። ስለዚህ ኽምጣና ብቻ በሚናገሩ ሕሙማን ራስጌ በየቀኑ ራሱ ይቀመጥ፤ የሚሉትን መጀመሪያ በኽምጣና፣ ከሥሩ በአማርኛ በገዛ እጁ በመዝገብ ይጻፍ፤ በአባቱ ስም ይፈርም።

የትናየት አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ ፈጠጠ። «ኽምጣና ያውቃሉ እንዴ? እኛ እኮ ለዚህ ቤት አስተርጓሚ ፍለጋ ሁለት ዓመት ደከምን! እርሳቸውም አብረውን ሲፈልጉ ነበር!»

«ያውቃል» አልኋት። «ይስቅበታልም።»

ነገ የምታመጣልህ ትእዛዝ ይህ ነው። በሠራተኛውና በሕሙማኑ ፊት ይነበባል፤ ይህን ለምኜ አስፈቅጃለሁ። ከሥራው ብትለቅ፣ የለቀቅህበትን ምክንያት በእያንዳንዱ ገበያና በእያንዳንዱ ደጀ ሰላም እናገራለሁ፤ ጉሮሮዬ ገና አልደከመም። ማሕሌት ስቆም ሰምተኸኛል።

አሁን እንዲህ ያሉ ሁለት ሕሙማን አሉህ። ከሰሃላ የመጣው አባ ምሳው ነገረኛ ነው፤ የሚያጠጣውን ሁሉ ይራገማል፣ የሞተ በሬውን በስም እየጠራ ያለቅሳል። ከደሃና የመጣችው ማንጠግቦሽ ድምፅ የላትም፤ ከንፈሯን ለማንበብ ጎንበስ ማለት አለብህ። ትጎነበሳለህ። እነዚህ ሲያልፉ ሌሎች ይመጣሉ፤ ተራራው ሽማግሌ አያልቅበትም። ጽዋውን ይዘህ ትቆማለህ፤ ያች አንዲት ቃል ከደረቀ አፍ በወጣች ቁጥር አልሰማሁም የማለት ወግ ተነሥቶብሃል።

እንግዲህ የመምህርነት ምርቃቴን ተቀበል። ዘመንህ ይርዘም። ሹመትህን ማንም አይውሰድብህ። ጆሮህ እስከ መጨረሻው አይክዳህ፤ ሕልምህም በኽምጣና ይሁን። ከእነዚያ አልጋዎች በአንዱ የምትተኛበት ቀን ሲመጣ አማርኛህ ቀድሞህ ይሂድ፤ ራስጌህ የሚቆመውም ሰው ቋንቋህን የማያውቅ ይሁን።

ይህን የመጨረሻውን መስመር ክህነቴ ስለማይፈቅደው ልሰርዘው ብዬ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አነሣሁ። ንስሓ እገባበታለሁ እንጂ አልሰርዘውም።

የለተጊዮርጊስ ወንድም፣
መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ
ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.