ከፈረስ ኋላ የሚወጣ መኪና

ሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን 2010

ዛሬም መኪና! ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ዘጠነኛ ክፍልን ስለ ሰበቃ እያስተማርኩ፣ ስልኬ ሦስት ጊዜ ነዘረ። ሰው የሞተ መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ። ጌትነት ነው። «ቀዩ ይሁን ግራጫው? ለአከራዩ ዛሬ ካልነገርነው ለሌላ ሰርገኛ ይሰጥብናል!» ለሰርጋችን ስድስት ቀን ነው የቀረው። እጮኛዬ እንቅልፍ ያጣው በመኪና ነው።

ሁለቱም ስፖርት መኪና ናቸው፤ ባሕር ዳር ያለ ሰውዬ ያከራያቸዋል። ቀዩ ባለ ሁለት በር ነው፣ የሚገፋው በኋላ ጎማው ብቻ። ግራጫው ባለ አራት በር፣ አራቱም ጎማ የሚሠራለት፣ ፎር ዊል። ጌትነት ዳንግላ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ስለ መኪና ሲያወራ መተንፈስ ይረሳል። «ቀዩ ሲነሣ ወንበሩ ላይ ይለጥፍሻል!» ይለኛል። ቬሎ ለብሼ ወንበር ላይ መለጠፍ ምን ያደርግልኛል? በዚያች ጠባብ በርስ በየት በኩል ልግባ?

ግራጫው አልኩት። ምክንያቱንም ነገርኩት። የአባቴ ቤት ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቀይ አፈር ዳገት ላይ ነው። ዝናቡ ገብቷል። ከሰል የሚጭኑት መኪኖች መንገዱን አርሰውታል። ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! ፎር ዊል የመስክ ሠራተኛ መኪና ነው።»

ታዲያ ለምን ጠየቀኝ?

የቀረኝ፦ ጫማ መለወጥ (ጠቦኛል)። ፀጉር። የእማዬ ቀሚስ ከሰፊው ጋ። ስልሳ የፈተና ወረቀት ማረም። ትንሽ መተኛት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7

እዚህ የማስተምርበት እንጅባራ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ዋለ። ጌትነት ከሚዜው ከሙሉቀን ጋር ከዳንግላ መጣ፣ ምሳ በላን። ሙሉቀን የቀዩን መኪና ፎቶ በስልኩ አሳየኝ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ በጎን፣ በሩ ተከፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ። የእኔን ፎቶ እንኳ እንዲህ አገላብጦ ያየው ሰው የለም።

የፈረሶቹን ነገር አነሣሁ። ጌትነት የከተማ ልጅ ነው፣ አይፈረድበትም። በእኛ በኩል ሙሽራው ሲመጣ ፈረሰኞች አስፋልቱ ድረስ ወርደው ይቀበሉታል፤ ከፊት ከፊት እየቀደሙ እስከ ደጃፍ ያደርሱታል። አባቴ አሥራ ሁለት ፈረሰኛ ጠርቷል፤ ከፊት የሚመራቸው ራሱ ነው። ዳገቱን ደግሞ ዝም ብለው አይወጡትም፤ ይቆማሉ፣ ይፎክራሉ፣ ፈረሱን ያስጨፍራሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። መኪናው ከኋላቸው በእግረኛ እርምጃ ነው የሚከተለው። በኋላ ጎማ ብቻ የሚገፋ መኪና ጭቃ ዳገት ከወጣም ተንደርድሮ ነው፤ መሐል ላይ ከቆመ እዚያው ሲሽከረከር ይውላል። ከፈረስ ኋላ መንደርደር የለም። የፊዚክስ መምህርት አይደለሁ፣ ሶፍት ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። ሙሉቀን ገባው መሰለኝ፣ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ጌትነት ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግዲያ ፈረሶቹ ወደ ጎን ይበሉልና!»

አባቴን ወደ ጎን በል የሚለው ማን ነው? እኔ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

ከፈቃድ በፊት የመጨረሻ ቀኔ ስለነበር ርዕሰ መምህራችንን ልሰናበት ቢሯቸው ገባሁ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ስመኝ። ማጣታችን ግን ቆጭቶናል። የመስከረሙን ክፍሎችሽን ለሌላ መምህር መድቤያለሁ» አሉኝ። ምን አሉኝ? አልኳቸው። «እጮኛሽ ደውሎ ነገረኝ እኮ። ዳንግላ ሱቁ ላይ አብራኝ ትሠራለች፣ ማስተማሩን ትተዋለች አለኝ።» ፊቴን ሲያዩ እሳቸውም ደነገጡ፣ ምስኪን።

በር ላይ ባጃጅ እየጠበቅኩ ደወልኩለት። አልካደም! «ከሰርጉ በኋላ ልነግርሽ ነበር። ለአንቺ ብዬ ነው። የጠመኔ አቧራ ስትበዪ ልትኖሪ ነው?» የእሱ ሱቅ ደግሞ ሽቶ ይመስል፤ ግሪስና የሞተር ዘይት!

ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሥታ «ቲቸር፣ ገባኝ!» ስትል የሚሰማኝን በምን አፌ ላስረዳው? አለቀስኩ። ባጃጁ ላይ ያሉት ሰዎች ለቅሶ የምሄድ መስሏቸው አጽናኑኝ።

ከዚያ የማይመለሰውን ሁሉ ቆጠርኩ። ካርዱ ተበትኗል። ጠላው ተጠምቋል። ድንኳኑ ነገ ይተከላል። በሬው ታስሯል። ፈረሰኞቹ ተለምነው እሺ ብለዋል። እኔም ከጠላው ጋር አብሬ ተጠምቄአለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9፣ ዕርገት

ግምጃ ቤት፣ እናት አባቴ ቤት ነኝ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ብቻዬን የምሆንበት ጥግ የለም። ይህንንም ጎተራው ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ለእማዬ ነገርኳት። «አንች፣ ሱቅ ቁጭ ብሎ መሸጥ ምን ይከፋል? ዝናብ አይነካሽ፣ ፀሐይ አይነካሽ» አለችኝ። እማዬ፣ ሳይጠይቀኝ እኮ ነው የወሰነው አልኳት። «እኔንስ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አለችና ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። አልተቆጣችም፣ አላዘነችም። ያ አነጋገሯ ከጌትነት ሥራ የበለጠ አስፈራኝ።

ለአባቴ ብነግረው አሁኑኑ ሰርጉን ያፈርሰዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ በእኔ ነው የሚቀረው፤ ድንኳን ተተክሎ የቀረች ልጅ እባላለሁ። ዝም ብልም ታነቅሁ፣ ብናገርም ታነቅሁ።

ሥራዬን ባላስመልስ እንኳ በመኪናው ልታገል ብዬ ጌትነት ጋ ደወልኩ። ቀዩን መኪና ሙሉቀን ዛሬ ከባሕር ዳር ይዞት ዳንግላ ገብቷል። «ነገ አምጣውና ከአባቴ ፈረስ ኋላ ቀስ ብለህ ውጣ። ከወጣ ዝም እላለሁ» አልኩት። «ስለ ሁሉም ነገር?» አለኝ፣ ብልጥ። ስለ መኪናው ብቻ አልኩት።

ዓርብ፣ ግንቦት 10

ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ሙሽራ አትታይም ተብዬ ከቀርከሃው አጥር ጀርባ ቆሜ በቀዳዳ አየሁ። መኪናው፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። ሲያጉረመርም የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ሮጦ ወጣ። ጌትነት ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሁለት ኩንታል ስንዴ ጭኖበታል፣ የኋላ ጎማው መሬት እንዲነክስ። ይህስ ልክ ነው፣ አልፈርድበትም።

አባቴ በፈረሱ ቀደመ። ግማሽ ድረስ ጥሩ መጡ። ኩርባው ላይ አባቴ እንደ ወጉ ፈረሱን አቁሞ አስጨፈረ፤ መኪናውም ቆመ። አለቀ። የኋላ ጎማው ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረ፣ ሙሉቀንን ከራሱ እስከ እግሩ ጭቃ አለበሰው። ጌትነት ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ነዳጅ ይረግጣል። መኪናው ወደ ጎን ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። የሚቃጠል ነገር ሽታ እኔ ጋ ደረሰ። ጎረቤቶች ቀርከሃ ፈልጠው ጎማው ሥር አነጠፉና በሰው ጉልበት ከቦዩ አውጥተው ወደ ታች መለሱት።

ልስቅ ነበር የተዘጋጀሁት። ግን ጌትነት በአዲስ ጫማው ጭቃ ውስጥ ብቻውን ቆሞ መኪናውን ሲያይ አንጀቴን በላው። አባቴ ሲመለስ ምን አሰብክ አልኩት። «መኪናውስ ምንም አይልም። ነጅው ነው መቆም የማያውቅ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጌትነት መልእክት ላከልኝ፦ «አንቺ እንዳልሽው ግራጫውን አመጣለሁ። ለአንቺ ስል።» አንድ ሰዓት ሙሉ ደስ አለኝ! ሰማኝ አልኩ። መኪናን ከሰማ ሌላውንም ይሰማል አልኩ።

ከዚያ ሙሉቀን ስለ መኪናው አበባ ቀለም ሊጠይቀኝ ደወለና እንዲሁ በየዋህነት ዘረገፈው። የቀዩ ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘው፣ ተቃጥሏል። ባለቤቱ ተቆጥቶ ወስዶታል፤ በምትኩ ያለው ግራጫው ብቻ ነው። «ጉድ ሆነን ነበር!» ይለኛል።

ለአንቺ ስል! እቴ!

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

ቀትር ላይ ደወልኩለት። ጓዳ ገብቼ በሩን በጀርባዬ ይዤ። «ፍሪሲዮኑ ባይቃጠል የትኛውን ታመጣ ነበር?» አልኩት። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ፣ ሄሎ አልኩ። «ቀዩን» አለኝ። «ሰው ሁሉ አይቶት ነበር፤ አፈርኩ፣ ስመኝ።»

ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ሳምንቱን ሙሉ ከእሱ የሰማሁት እውነት ይኸው ብቻ ነው።

«እንግዲያው የትምህርት ቤቱንም በራስህ አፍ አስተካክል» አልኩት። «ዛሬ። ከሰርጉ በኋላ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ጋ ደውለህ ሳልጠይቃት ነው በላቸው። ካልደወልክ ነገ መኪናው ደጃፍ ድረስ ይመጣል፣ እኔ አልገባም።» «ታስፈራሪኛለሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ዘጋው።

ጓዳው ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ውጭ ዘመድ እልል ይላል። ምን ነክቶኝ ነው? እውነት ባይደውልስ? አሥራ ሁለት ፈረሰኛ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ አባቴ… ከአፌ ወጥቷል፣ አልመልሰውም።

ከዚያ እንሶስላው መጣ። እማዬ ሁለቱንም እጄን ቀባችና በጨርቅ ጠቀለለችው። በዚያ ላይ ሳለሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ስልኬ ጠራ። መያዝ ስላልቻልኩ እማዬ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ፤ ጆሮዋን ከጆሮዬ አስጠግታ እሷም ሰማች። ርዕሰ መምህሩ ናቸው። «ስመኝ፣ እጮኛሽ ደውሎልኝ ነበር። ሳልጠይቃት ነው የተናገርኩት፣ ተሳስቻለሁ አለኝ። ድምፁ ደስ ያለው ሰው አይመስልም፤ ግን ብሎታል። ክፍሎችሽን መልሼልሻለሁ።»

እግዜር ይስጥልኝ ማለቴንም እንጃ።

እማዬ ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ያልሽውን አደረገ?» አለችኝ። አደረገ አልኳት። የተፈታውን ጨርቅ መልሳ ስታስርልኝ እጇ ከእጄ ላይ ቶሎ አልተነሣም።

አሁን የቀኝ ሦስት ጣቴን ፈትቼ ነው የምጽፈው፤ ቀለሙ ወረቀቱን አበላሸው። ከጌትነት ቃል የለም። ተናዶ ይሁን አፍሮ አላውቅም፣ ነገ ፊቱን ሳየው ይገባኛል። ዝናቡ አላባራም። ግራጫው ዳገቱን ይወጣዋል፣ እሱ አያሳስበኝም። እኔም እገባለሁ። ከገባሁ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ ግን አንድ ጊዜ እንቢ ብዬ አልሞትኩም።