ድጋሚውን እንቢ ያልኩ ዕለት

ሄረንፌይን፣ ጥር ወር

ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

ሰላምታዬ በርሽን ቀስ ብሎ ያንኳኳ፤ ካልከፈትሽለትም በደብዳቤ ማስገቢያው ሹልክ ብሎ ይግባ። እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? እናትሽ ከዚያ ጉንፋን ተነሡልሽ? እኔ ደህና ነኝ። ለወጉ ያልኩት እንዳይመስልሽ፤ እንዲህ ደህና ከሆንኩ ስንት ዘመኔ ነው።

ከኦሎምፒክ ማጣሪያው ዕለት ወዲህ ስልክ አታነሺም። ትናንት እናትሽን ቦዩ ዳር አግኝቻቸው፣ «ባለ ምላጭ የበረዶ ጫማዎቿን ቆጥ ላይ ወርውራ መሰላሉን ለጎረቤት ሰጠች፤ የጓደኛዬን የመጨረሻ ዕድል ገድዬ ከእንግዲህ በረዶ አልረግጥም ትላለች» አሉኝ። ብዕር ያነሣሁት ለዚህ ነው። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ በኔ የተነሣ ብትተዪው እኔ ነኝ የማልድነው። እስቲ አንብቢና ፍረጂ።

ሁለታችንም ወደ በረዶ የመጣነው ከባለ ጎማ ጫማ ሩጫ ነው። አስፋልት ላይ ባለ ጎማ ጫማ አጥልቄ የአውሮፓን ዋንጫ ሳነሣ አገራችን ምን እንዳለ ታውቂያለሽ፤ «ጎበዝ፣ የበጋ ጨዋታ ነው፤ ኦሎምፒክ ያለው በረዶ ላይ ነው» አለ። እኔም ሰምቼ ወደ በረዶ ገባሁ፤ እንደ ሕፃን መቆም ከመማር ጀመርኩ። ለኦሎምፒክ ሁለቴ ተወዳድሬ ሁለቴም ለጥቂት ቀረሁ። የታኅሣሡ ማጣሪያ ሦስተኛው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜዬም አይፈቅድም። ዕጣው ደግሞ ከማንም ሳይሆን ካንቺ ጋር አጣመረኝ።

በረዶ ላይ ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዳችን በውስጥ አንዳችን በውጭ መስመር አይደል የምንሮጠው፤ መስመር በምንቀያየርበት ቦታ አንቺ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ መጣን። ከውጭ ለሚመጣ መንገድ መልቀቅ እዚህ አገር ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ሕግ ነው። በጎማ ግን የምንሮጠው በመንጋ ነው፤ ክፍተት ያየ ይገባል። እግርሽ የልጅነቱን አስታወሰና ገባሽ። እኔም እንዳንላተም ቀና አልኩ፤ ፍጥነቴ እዚያው ቀረ። ዳኛው አንቺን ከውድድር አስወጣሽ፤ እኔን «አርፈሽ ብቻሽን ድገሚው፣ መብትሽ ነው» አለኝ። አንቺ ፊትሽን ሸፍነሽ ስለወጣሽ የቀረውን አላየሽም።

አሰልጣኛችን ሂልከ ብርድ ልብስ ደርቦልኝ ይንጎራደዳል። «ብቻሽን፣ በተወለወለ በረዶ! ይኼን ዕድል ማን ያገኘዋል?» ይላል። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ። አሞሽ ነው እንዴ ሲለኝ አላመመኝም አልኩት። ባዶ እግሬን ሲሚንቶው ላይ ሳሳርፈው ቅዝቃዜው ደስ አለኝ። አልደግምም ስለው ሳቀ፤ ደግሜ ስለው «አብደሻል? ስንት ዓመት የለፋነው ለዚህ አይደለም ወይ?» ብሎ ተቆጣ። «ሂልከ፣ ድገሚ ሲሉኝ ሆዴ ያለው ‹እግዚኦ፣ ደግሞ?› ነው። በዚህ ሆድ ያሸነፈ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት። 

እውነቱን ልንገርሽ፤ ጀርባሽ ፊቴ ድቅን ሲል ከንዴቱ በፊት የመጣው እፎይታ ነው። በቃ፣ አበቃ አልኩ። ሰው እንዲህ ሲል ያፍራል፤ እኔ አላፈርኩም።

የፈራሁት አባቴን ነበር። ሰውዬው የጫማዬን ምላጮች ራሱ ይስላል እንጂ ለሌላ እጅ ሰጥቶ አያውቅም፤ ከእናቴ መቃብርና ከምላጮቼ በቀር ሥራ የለውም ይሉታል። ከደረጃው ወርዶ መጣና «እውነትሽን ነው?» አለኝ። እውነቴን ነው አልኩት። ግድግዳውን ተደግፎ በረጅሙ ተነፈሰ። ለካስ አንድም ውድድሬን አይቶ አያውቅም! የመነሻው ተኩስ ሲሰማ ወጥቶ ሽንት ቤቱ በር ላይ ይቆምና በድምፅ ማጉያው ነው የሚከታተለኝ። «ሰዉ የፊኛ ሕመም ያለብኝ መስሎት ሐኪም እስከመጠቆም ደርሷል፤ ዛሬ ገላገልሽኝ» አለኝ። ተቃቅፈን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ሂልከም እየተነጫነጨ የአተር ሾርባ አመጣልን።

ስለዚህ እህት ዓለም፣ መሰላሉን አስመልሺ። አባቴ ምላጮችሽን ቶሎ እንድታመጪ ይላል፤ ሥራ ፈትቶ የሰፈሩን ቢላዋ ሁሉ እየሳለ አስቸግሯል። ጎረቤቶቻችን ቲማቲም ሲቆርጡ ጣታቸውን እየከተፉ ነው። ሂልከም ተቆጥቶሻል፤ የተቆጣው ግን ስለቀረሽበት ነው።

እኔ በጸደይ የክለቡን ሕፃናት ጎማ ላስጀምር ነው፤ ጎንበስ ማለት እስኪከብደኝ ድረስ። ባለቤቴ የጫማና የዋንጫ መከማቻ የነበረችውን ክፍል ባዶ አድርጎ ቢጫ ቀለም እየቀባት ነው። ምን ያህል ቢጫ ነው ብትዪ፣ ዓይን ያማል፤ ደስ ስላለው አልተናገርኩትም።

እግርሽን ከእንቅፋት፣ ልብሽን ከጸጸት ይጠብቅልኝ። የእናትሽን ዕድሜ ያርዝመው። ያን ዕለት መንገድ የዘጋሽው በአንድ ሰው ላይ መስሎሽ ነው የምትቃጠዪው። በሁለት ሰው ላይ ነው፤ ሐኪሟ ቀኑን ቆጥራ ነግራኛለች። ሁለታችንም ይቅር ብለንሻል።

የአስፋልት ላይ ጓደኛሽ