ሦስተኛው ቁጥር

ጥቅምት 8 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ደባርቅ

ይድረስ ለነፍሴ፣ ለቄስ ዓለምብርሃን ነፍስ። ይህን ደብተር የምጽፍልሽ ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ደቀ መዛሙርቴን «ውሎህን መርምር» እያልሁ የራሴን ሳልመረምር እንዳልተኛ። ሁለተኛ፣ ሰው ሁሉ ሕግ በሚያፈርስበት በዚህ ዘመን እኔ ስንዝር እንዳልወጣሁ ምስክር ትሆኚኝ ዘንድ።

ውሎ እንደ ወትሮው። ጠዋት ጉም። ዜማ አስተማርሁ። ሁለቱ አንቀላፉ፤ እስከ ቀትር አቆምኋቸው።

ከሰዓት ልጄ እሌኒ ከጎንደር መጣች፣ ነጭ ሣጥን ይዛ። አላርም ይሉታል። ሲም ካርድ ይገባበታል፤ በር ሲሰበር ይጮኻል፣ ወደ ስልኬም ይደውላል። ለእናቷ ደግሞ በአንገት የሚንጠለጠል መጥሪያ አለው፤ ሲጫኑት እንደዚያው ይደውላል።

«የእማዬ ልብ እንደ ድሮው አይደለም፣ አባባ። እርስዎ ደግሞ ውለው ማታ ነው የሚገቡት።»

እኔ የተቀበልሁት ስለ ብራናዎቼ ነው። ባለፈው ወር ዳባት ላይ ቤት ተሰብሮ የለ?

ባለቤቴ ማንጠግቦሽ መጥሪያውን ከማተቧ ጋር አሰረችው። አስፈታኋት። የቻይና ዕቃ ከማተብ ጋር? በሌላ ክር አድርጋዋለች።

ጥቅምት 23

በሰንበቴው ገዱን ገዘትሁት። ጎረቤቴን፣ የጭነት መኪና ሾፌሩን… ሊማሊሞን በመውጣት በመውረዱ ከሰው የበለጠ የሚመስለውን። ስለ ጾም ስገሥጽ፣ ዋንጫውን እንደያዘ እንዲህ አለ፦

«የኔታ፣ የገዘቱት ሰው እንዲህ ከበዛ፣ ይህን ጠላ ማን ሊጨርሰው ነው?»

ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ተነሣሁ። «አንተም፣ ከቤትህ የሚወጣም ሁሉ፣ የደጄን ደፍ ብትረግጡ በሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ ሊቃውንት ቃል ውጉዝ ከመ አርዮስ ሁኑ» አልሁ።

ሳቁ ቆመ። ደስ አለኝን? ደስታ አልነበረም። ሥርዓት ነው።

ኅዳር 6

የገዱ ዶሮ ግቢያችን ገባች። ከአጥር ውጭ ቆሞ ተጣራ፦ «የኔታ! ግዝቱ ዶሮዬንም ይጨምራል እንዴ? እሷም ከቤቴ የወጣች ናት!»

ማንጠግቦሽ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አየኋት። እስከ ማታ አላነጋገርኋት።

ይቀልድ እንጂ ደፉን አልረገጠም። አጎቱ ግዝት ጥሶ በዓመቱ ከነበሬው ገደል ገባ እየተባለ ያደገ ነው። ይፍራ።

ታኅሣሥ 14

የከተማው አንቴና እየተለወጠ ነው፤ አዲስ ኔትወርክ ሊገባ። ወጣቶቹ በየሱቁ በር ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይውላሉ… ለጸሎት ያልዘረጉትን እጅ።

ማታ ስገባ ማንጠግቦሽን ከመደቡ ሥር ወድቃ አገኘኋት።

«ተጫንሁት። አልደወለልዎትም?»

አልደወለም። ስልኬ ክፍት ነበር።

«ስንት ጊዜ ተጫንሽው?»

«እጄ እስኪዝል።»

ውኃ አጠጣኋት። ትንፋሿ ሲመለስ ብራናዎቹን ቈጠርሁ። ሁሉም አሉ።

ታኅሣሥ 20

ድረስ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ከዳባት መጣ፣ እሌኒ ልካው። ሣጥኑን ከፍቶ አየ።

«ይህ በቱጂ ብቻ የሚሠራ ነው፣ የኔታ። ስሪጂ ሲገባ እዚህ ሰፈር የድሮው ሲግናል ደክሟል። ጤነኛ ነው፤ ግን የሚሰማው የለም።»

ሁለት ሣጥን አቀረበልኝ። አንዱ እንደ ፊተኛው፣ አንቴናው ብቻ የረዘመ። ሌላው በአዲሱም በአሮጌውም የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ያለው፣ የተጫኑትንና የደወለውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚመዘግብ። የሚመዘግበውን መረጥሁ። ሰው ይዋሻል።

«ስንት ቁጥር ላስገባ? አምስት ይይዛል። አንዱ ካላነሣ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።»

«የእኔን።»

«እርስዎ በቅዳሴና በትምህርት ሰዓት ያጠፋሉ አሉ።»

«የእሌኒን ጨምር።»

«እሷ ጎንደር ናት፣ የኔታ። ጎረቤትስ?»

«በላይ በኩል ያለው በሐሰት ይመሰክራል። በታች በኩል ያለው ጾም ይገድፋል።»

ማንጠግቦሽ ከመደቡ ሆና፦ «ገዱ ሃያ እርምጃ ነው። ይፍቱት፣ አንቱ። ስለ እኔ ይፍቱት።»

«መጥቶ ይንበርከክ፣ እፈታዋለሁ።»

«ምን አጠፋ? ቀለደ እንጂ።»

ወደ ጠጋኙ ዞርሁ። «ሁለት ቁጥር ይበቃል» ብዬው፣ ሥራውን ሳይጨርስ ወደ ደብሩ ወጣሁ።

ጥር 25

ገዱ መናኸሪያው አጠገብ አገኘኝ። መኪናውን አቁሞ ወረደ። ሰው ብዙ ነበር።

«የኔታ፣ እማማ ማንጠግቦሽ ታመዋል አሉ። ይፍቱኝና ልጠይቃቸው።»

«ተንበርከክ።»

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

«ቀልድህ በሰው ፊት ነበር። ንስሐህም በሰው ፊት።»

«ቀልዱን ይቅር ይበሉኝ ብያለሁ። ሰው አልገደልሁ፣ የኔታ!» መኪናው ላይ ወጥቶ በሩን ዘጋ። ያጨሰብኝ ጭስ አሁንም ከጋቢዬ አልወጣም።

ማታ ማንጠግቦሽ ሰምታ ቈየችኝ። ራቴን አቅርባ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ለምን አልለመነችኝም?

የካቲት 21

በደጀ ሰላሙ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ማታን መጠበቅ አልቻልሁም።

ገዱ ተንበረከከ!

አራት ሰዓት ላይ፣ ስልኬን አጥፍቼ ሳስተምር፣ እየሮጠ መጣ። «የኔታ፣ ይፍቱኝ! አሁኑኑ ይፍቱኝ!» ትንፋሹ ተቈራርጧል። «ከቤትዎ ተደወለልኝ… ከደጅ ሆኜ ብጣራ የሚመልስ የለም… ሰፈሩ ሁሉ ገበያ ወጥቷል፣ የምልከው ሰው አጣሁ…»

አላስጨረስሁትም። ከቤቴ ለእሱ ማን ይደውላል? የተመዘገበው ሁለት ቁጥር ነው፣ አውቃለሁ። ሰው ሲሸነፍ ለመሸነፉ ሰበብ ይፈልጋል።

«ተንበርከክ» አልሁት።

ወዲያው ወደቀ። በደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፊት። አፉን በከፈተ ቍጥር «ዝም!» አልሁት፤ ስልኩ ሲጮኽም አስጠፋሁት። እሱን ምሳሌ አድርጌ ስለ ትሕትና አስተማርሁ፤ እንደ ዛሬ ቃል የፈሰሰልኝ ቀን የለም። ከዚያ የንስሐውን መዝሙር አስከተልሁት፤ ሲስት ከመጀመሪያው እያስመለስሁ። ያለቅስ ነበር። ልቡ ተሰበረ።

አርባ ደቂቃ ሲሆን «ይፍታህ» አልሁት። መስቀል ሳይሳለም ተነሥቶ ሮጠ። ሥርዓት መቼም አያውቅ።

ቢሆንም ቀኑ መልካም ነው። ሰማሽ፣ ነፍሴ? ማንጠግቦሽ ስትለምነኝ የከረመችው ይህንኑ ነው። ገብቼ እነግራታለሁ፤ ደስ ይላታል።

የካቲት 22

ቀበርናት።

መጋቢት 3

ድረስ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። የሣጥኑን መዝገብ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። «ይቅርብዎ፣ የኔታ» አለ። አዘዝሁት።

ሦስተኛ ቁጥር አለበት። የገዱ ነው።

«እማማ ናቸው የሰጡኝ፣ እርስዎ ሲወጡ። ‹ለየኔታ እንዳትነግር፤ ቢጣላም ገዱ አያስችለውም፣ ይመጣል› አሉኝ።»

ሰባት ጊዜ ተጭናለች፤ የእኔ ዝግ፣ የእሌኒ ያልተነሣ ይላል። ፊተኛው ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። የኋለኛው አራት ሰዓት ተኩል።

አራት ተኩል… የየካቲት 21ን ገጽ ገልጬ አየሁ። መዝሙሩን ስቶ ከመጀመሪያው አስመልሼው ነበር።

ገጹን ልቀድ ያዝሁት። አልቀደድሁትም።

መጋቢት 20

ሠላሳዋ ዛሬ ነው። ተማሪዎቹን ካሰናበትሁ ሳምንት አለፈ። እሌኒ ስልክ አታነሣልኝም።

ዛሬ ሃያውን እርምጃ ሄድሁ። በእግሬ ቈጠርሁት፤ ዐሥራ ስምንት ነው።

ገዱ ከግቢው መኪናውን ያጥብ ነበር። ሲያየኝ ጨርቁን አስቀመጠና ቀና ብሎ ቆመ። ደጁ ላይ ቆምሁ። ይግቡ አላለኝም። የሄድሁት እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ሳዘጋጅ አድሬአለሁ። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ፦

«ግዝት ነፍስ ከማዳን አይከለክልም። ይህን ማንም ያውቃል። ስለ ምን አልገባህም?»

እርጥብ እጁን በሱሪው ጠረገ። የተቈጣም አይመስል። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«እኔ ሾፌር ነኝ፣ የኔታ። መጽሐፍ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አትግባ አሉኝ፣ አልገባሁም።»