የላሊሴ ጽሑፍ በአንድ ፋይል

ሰኞ፣ የካቲት 9፣ ጠዋት፣ አምቦ
ሱቄን ከፈትኩ። ፎ/ኮፒው ሳይሞቅ ላሊሴ መጣች፤ ጉደር ካምፓስ የምትማር ደንበኛዬ ናት፣ የማስተርስ ጽሑፏን የምተይበው እኔ ነኝ። ዓርብ ዲፌንስ አላት። የታተመ ካልያዘች ዓመቱ አለፋት ማለት ነው።
ማስታወሻዬ፣ ምን እንደቻልኩ ስሚ። ላቴክ የሚሉት ገጽ አሰናጂ ፕሮግራም የዋቢ መጻሕፍቱን ዝርዝር በአንድ ፋይል፣ የገጹን ቅርጽ በሌላ ፋይል ነው የሚፈልገው። አንዱ ከተረሳ ሁሉም ብላሽ። አሁን ሁሉንም እዋናው ፋይል አናት ላይ ጨመርኳቸው፤ የትም ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ራሱ ያወጣቸዋል። ነፍሰ ጡር ፋይል አልኳት። ላሊሴ ሳቀች። አንዷን ፍላሽ ላይ ቀዳሁ፣ አበቃ።

ማክሰኞ፣ 9 ሰዓት
ተኩስ። ድንጋይ ከወጣቶቹ፣ ጥይት ከወታደሮቹ። አንድ ሰው ደጄ ላይ ጭኑን ተመቶ ወደቀ፤ ነጠላዬን ቀድጄ አሰርኩለት፣ ሰዎች ተሸክመውት ሄዱ። ደሙ ደረጃው ላይ አለ።
ወዲያው ዱላ የያዙ ወታደሮች ገቡ። ኮምፒውተሩ ደቀቀ፣ ፎ/ኮፒው ደቀቀ። የዐመፅ ወረቀት የምትበትኚው አንቺ ነሽ አለኝ አንዱ። የሠርግ ጥሪ ነው የምበትነው አልኩት። በጥፊ አጮለኝ። ጥርሶቼን በምላሴ ቆጠርኩ፣ አሉ። ፍላሿ ጡት ማስያዣዬ ውስጥ ናት። ሣቄ መጣ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ፣ ጊንጪ
መንገዱ ለጥቂት ተከፍቶ ከላሊሴ ጋር መጣን። ወዳጄ ዘይነባ እዚህ የጽሕፈት ሱቅ አላት። አተመችልን። ላሊሴ አገላብጣ አየችውና ፊቷ ጠቆረ፤ ጽሑፏ ስለ ጤፍ፣ ዋቢው ስለ በሬ ማድለብ።
«አዴ» አለችኝ፣ እትዬ እንደማለት፤ «ይሄን በሬ ማን አስገባብኝ?»
ጥፋቱ የሁላችንም ነው። እዚህ አካባቢ የምንተይብ ሁሉ ፋይሉን «ዋቢ» ብለን ነው የምንሰይመው። ዘይነባ የኛን ፋይል በሬ ያጠናው የአምና ደንበኛዋ ፎልደር ውስጥ ከፍታዋለች፤ በዚያ ስም ፋይል ካለ ፕሮግራሙ የነበረውን አይነካም፣ የኛንም አያወጣም። ባዶ ፎልደር አስከፈትኳት። ወጣ! ጤፉ ከነዋቢው። ዘይነባ ጠረዘችው። ላሊሴ አለቀሰች፣ እኔ እልል አልኩ፤ ውጭ እየተተኮሰ።

ሐሙስ፣ አምቦ
የጉደር መንገድ ተዘጋ። አውቶቡስ አቃጥለዋል፣ ጭሱ ከቤት ይታያል። ላሊሴ ለነገው ዲፌንስ በእግሬ እሄዳለሁ አለች። ባሌ ጉንጭሽ ገና አብጧል፣ ከቤት እንዳትወጪ ብሎ ተቆጣኝ። ላሊሴ ወታደር ስታይ ምላሷ ይተሳሰራል። የኔ አይተሳሰርም። አብሬያት እሄዳለሁ፤ ኬላ ላይ የማወራው እኔ ነኝ።